ማዳበሪያ ያላዳናቸው ችግኞች፦ ከጣና ዳር የቤተ ክርስቲያን ደን የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በባሕር ዳር ዙሪያ ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ ይተከላል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የሚተከለው በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ጥር ላይ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው ግን ብዙ አይደለም። እኛ ቆጥረናል፤ የቆጠርነውም ከሌላው የበረታን ሆነን ሳይሆን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ቁጥር ስለጠየቁን ነው።

ይህ ጽሑፍ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጣና ዳርቻ ባለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ የተደረገውን ሙከራ ይተርካል። ሥራው የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን አሁንም አላለቀም። የደን ባለሙያ ነኝ፤ የገባሁበት በአማካሪነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በስሕተት አለፉ፤ የሁለተኛው ዓመት ስሕተት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። የሰዎቹንና የቦታውን ስም ትቻለሁ። የምጠቅሰው መጠን ሁሉ የዚያ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ ይደገማል ብዬ አልምልም።

ቦታው

ቤተ ክርስቲያኑ ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው፤ ጉብታው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ዙሪያውን ሁለት ሄክታር የማይሞላ አሮጌ ደን ከብቦታል። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብርብራ አለበት፤ ወደ ውኃው ሲጠጉ ሾላ ይበዛል። ከደኑ ውጭ ለብዙ ዓመታት ከብት ሲግጥበት የኖረ፣ በከፊልም ባሕር ዛፍ ተተክሎበት የተቆረጠ ጠባብ ቦታ ነበር። ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ አዲስ ቅጥር ሲሠሩ ይህን ቦታ ወደ ውስጥ አስገቡት። ደኑ ሊሰፋ የታሰበው በዚህ ላይ ነው።

የጉብታው አፈር ቀይ ነው፤ ወደ ሐይቁ ዝቅ ሲባል ዋልካ ይሆናል። ቀዩን ለምርመራ ሰጥተን አሲዳማ መሆኑ፣ ተክል ሊወስደው የሚችለው ፎስፈረስም እጅግ ማነሱ ተነገረን። ለጎጃም ቀይ አፈር ይህ ብርቅ አይደለም። ከግድግዳ በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ በአሮጌው ደን ሥር ያለው አፈር ግን ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲያፍሱት እንደ ቡና አተላ ይፈረፈራል። ሁለቱ አፈሮች ከአንድ ባዛልት ድንጋይ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ለዘመናት የወደቀ ቅጠልና በላዩ የኖረው ነገር ነው። ይህን በዓይናችን እያየን ሁለት ዓመት መሳሳታችን ዛሬም ያስገርመኛል።

የመጀመሪያው ተከላ፦ ሐምሌ 2012

ችግኞቹ የመጡት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛ እና ጥቁር እንጨት ነበሩ። ሲመጡ ለዓይን ደኅና ነበሩ፤ ምእመኑም በአንድ ቅዳሜ ተክሎ ጨረሰ። እስከ መስከረም ሁሉም ቆሙ። ኅዳር ላይ የጥዱ ጫፍ መድረቅ ጀመረ። ዋንዛው ቢጫ ሆነ፤ ጥቁር እንጨቱም ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ እየያዘ ባለበት ቀረ። ጥር 2013 ላይ ስንቆጥር በሕይወት የተገኙት ከሩብ በታች ነበሩ።

ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ምክንያት ዘረዘረ። ውኃ አነሰ፣ ምስጥ በላው፣ ጉድጓዱ ጠበበ ተባለ። ሁሉም በከፊል እውነት ነበር። ማንም ያልጠየቀው ችግኞቹ ያደጉበት ከረጢት ውስጥ ያለው አፈር ከየት እንደመጣ ነው። እኔም አልጠየቅሁም። በኋላ ሳጣራ ለመንገድ ሥራ ከተቆረጠ ገደል የወጣ የታችኛው አፈር ሆኖ ተገኘ፤ ከአሸዋና ከትንሽ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች የቆየ የአፈር ቅልቅል አለ፦ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር ወይም ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ። የድሮ የጣቢያ ሠራተኞች ይህን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። የደን አፈሩ ለምን እንደገባ ብትጠይቃቸው «ያለሰልሰዋል» ይሉሃል። የደን አፈር ማምጣት እየከበደ፣ ደኑም እየራቀ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ብስባሽ ይተካዋል ይባላል። ለማለስለስ ከሆነ አዎ፣ ይተካዋል።

ማዳበሪያው፦ ሐምሌ 2013

የአፈር ምርመራው ፎስፈረስ አነሰ ስላለኝ መልሱ ግልጽ መሰለኝ። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 7 በመቶ ድኝ ይዟል፤ ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የሞቱትን በአዲስ ችግኝ ተክተን በየጉድጓዱ ኤንፒኤስ ጨመርን፤ ነሐሴ ላይ ዩሪያ አከልን። ችግኞቹ ያው ከቀድሞው ጣቢያ የመጡ ነበሩ።

መስከረም ላይ ቦታው አረንጓዴ ሆነ። ፎቶግራፍ አንሥቼ ለወዳጆቼ ልኬአለሁ። ከአረንጓዴው አብዛኛው ሣር መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ማዳበሪያውን ከችግኙ ቀድሞ የጠጣው እሱ ነበር። ችግኞቹም ቢሆኑ ሽቅብ ዘለሉ፤ ዋንዛው በተለይ ትልልቅ ለስላሳ ቅጠል አወጣ። ናይትሮጅን የጠገበ ችግኝ ጉልበቱን ወደ ቅጠል ይሰዳል፤ ሥሩ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለ ችግኝ ጣና ዳር ኅዳር ላይ ዝናብ ሲያቆም ብዙ ውኃ የሚፈልግ ቅጠል ይዞ፣ ውኃ ሊያመጣለት በማይችል ሥር ቆሞ ይቀራል። የካቲት 2014 ላይ ውጤቱ ከመጀመሪያው ዓመት የባሰ ነበር።

ፎስፈረሱስ የት ሄደ? እዚያው ነው ያለው። በቀይ አሲዳማ አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌትን አጥብቆ ይይዘዋል። ናይትሬት በውኃ እየሟሟ ወደ ሥር ሲሄድ ፎስፌት ካረፈበት እምብዛም አይነቃነቅም። ሥር በዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ያለውን ከወሰደ በኋላ ራሱ አድጎ ካልሄደበት ወይም ሌላ ካላመጣለት ከጎተራ አጠገብ ሆኖ ይራባል። እኔ ጎተራውን ስሞላ ነበር።

በዚያው ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ናረ፤ ሰበካ ጉባኤውም ሦስተኛ ዙር አንገዛም አለ። ባይንር ኖሮ መጠኑን ጨምሬ እደግም እንደነበር አልደብቅም።

ሥሩ ምን አሳየን

ነገሩን ያዞረው የደብሩ መሪጌታ ጥያቄ ነው። በየካቲቱ ቆጠራ ቀን ከደኑ ዳር ቆመው «ልጄ፣ እናንተ የተከላችሁት ይሞታል፤ ወፍ የዘራው ይህ ወይራ ደግሞ ውኃም ማዳበሪያም ሳይቀምስ ቆሟል። ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከአጋም ቁጥቋጦ ሥር የበቀለች፣ ከስንዝር ብዙ የማትበልጥ ወይራ ነበረች። ጥላው ነው አልኩ። አጠገቡ ሌላ አሳዩኝ፤ ያኛዋ ከፀሐይ ላይ ነበረች።

ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነቅለን ሥራቸውን አጠብን። የኛዎቹ ሥር የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ተጠቅልሎ ነበር፤ ከከረጢቱ አፈር ወደ ቀዩ የወጣው ጥቂት ነው። ወፍ የዘራቸው ሥራቸው ቀጭን ቢሆንም ርቆ ሄዷል፤ አፈሩም ቢታጠብ በቀላሉ አይለቅም።

ሥሩን በማይክሮስኮፕ ለማየት ቀለም ያስፈልጋል። የተለመደው ትራይፓን ብሉ አልነበረንም፤ ስለዚህ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበትን ቀላሉን መንገድ ያዝን፦ ሥሩን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅሎ ማንጣት፣ ቀጥሎ የብዕር ቀለምና ኮምጣጤ ቀላቅሎ ማቅለም። መሪጌታው ብራና ጸሐፊ ናቸው፤ ቀለም ተፈለገ ሲባል የራሳቸውን ጥቁር ቀለም በቀንድ ይዘው መጡ። ሞከርነው፤ አልያዘም። የእሳቸው ቀለም ጥላሸት ስለሆነ ብራና ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ሥሩ ውስጥ አይዘልቅም። «ለመጽሐፍ የተባለ ለሥር አይሆንም» ብለው ሳቁ። የሱቁ ሰማያዊ ቀለም ሠራ።

በዱሩ ወይራ ሥር ውስጥ በየሕዋሱ ትንንሽ ዛፍ የመሰሉ ሰማያዊ ቅርንጫፎች ታዩ፤ ከእነሱም እየተነሡ ወደ አፈሩ የሚወጡ ክሮች ነበሩ። በኛ ችግኞች ሥር አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው። ማዳበሪያ በቀመሱት ላይ ደግሞ ፈልገን ያገኘነው ከምንም አይቆጠርም። መሪጌታው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም።

እነዚህ ክሮች ምንድን ናቸው

ማይኮራይዛ ይባላሉ፤ የሥር ፈንገስ ልንላቸው እንችላለን። ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። በጥቅሉ ፈንገሱ ፎስፈረስ፣ ጥቂት ናይትሮጅን፣ ዚንክና ውኃ ያመጣል፤ ዛፉ በምላሹ ቅጠሉ የሠራውን ስኳርና ስብ ይከፍላል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ዛፉ ከሚሠራው ካርቦን እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወደ ፈንገሱ ሊሄድ ይችላል። ክሩ ከሥር ጸጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ ሥር በማይገባበት የአፈር ቀዳዳ ይገባል፤ ሥሩ ያሟጠጠውንም ክልል አልፎ በሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ይሄዳል። ቀይ አፈር ላይ ፎስፌት ካለበት የማይነቃነቅ ከሆነ ከጎተራው እየዘገነ የሚያመጣው ይኸው ክር ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። የሥር ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንጉዳይ ነው። እንደ ፓይን ያሉ ዛፎች ከሥራቸው ላይ ሽፋን ከሚሠሩና እንጉዳይ ከሚያበቅሉ ፈንገሶች ጋር ይኖራሉ፤ እነዚህ ስፖራቸውን፣ ማለትም የሚራቡበትን ደቃቅ ዘር፣ ነፋስ ይበትነዋል። ፓይን ወደ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ሲወሰድ በብዙ ቦታ አልበቅል ብሎ የቆየው፣ ከፓይን ደን የመጣ አፈር እስኪጨመርለት ድረስ ነበር። የእኛዎቹ ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨትና ዝግባ ግን ከሌላው ወገን ጋር ናቸው። ፈንገሳቸው ወደ ሥሩ ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ እንጉዳይ አያወጣም፤ ስፖሩ ትልቅና ከመሬት በታች ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ አያደርሰውም። በብዛት የሚዛመተው በአፈር፣ በሥር ቁራጭ፣ በጎርፍና በእንስሳ እግር ነው። ስለዚህ ከገደል የወጣ አፈር ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ በራሱም ቶሎ አይመጣም። ባሕር ዛፍ ከሁለቱም ወገን ጋር መኖር ይችላል፤ በማንኛውም ቦታ ሲጸድቅ አይተን አገር በቀሉን ሰነፍ የምንለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሁለት ነገሮች ይህን ኅብረት ያፈርሱታል። አንዱ ፎስፈረስ ሲበዛ ነው፤ ዛፉ በነጻ ካገኘ ለፈንገሱ መክፈል ያቆማል። በእኔ ማዳበሪያ የሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው ማረሻ ነው፤ ክሩን ይበጣጥሰዋል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው በዘጌ፣ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ ልማድ የተከለከለ ነው፤ የአካባቢው ሰው ልማዱን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ቡናው፣ ጌሾውና ደኑ በአንድ ያልታረሰ አፈር ላይ አብረው ይኖራሉ። ቡናም የሥር ፈንገስ ያለው ተክል ነው። የዘጌ ደን ለምን ቆመ ለሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ አለው፤ ያልተበጠሰው ክር አንዱ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

«አፈር ከቅጥር አይወጣም»

ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ ከአሮጌው ደን ጥቂት ጆንያ አፈር ወስዶ ለችግኝ ጣቢያው መስጠት። ቄሰ ገበዙ አልተቀበሉትም። የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ አፈር ተጭኖ ወደ ገበያ መንገድ አይሄድም፤ መቃብርም አለበት፤ ዛሬ አፈር የሰጠ ነገ ዛፍ ይጠየቃል አሉ። «አባ፣ ጥቂት እኮ ነው» ብል «ዛፉም ያለቀው በጥቂት በጥቂት ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበሩ፤ በደን ሙያ ዓይንም ቢሆን። የደን አፈር በጆንያ ወጥቶ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር የሚሄደው ፈንገሱ ብቻ አይደለም፤ የሥር በሽታ፣ ምስጥና አረምም ይሄዳል። ደኑም ላይኛው ቆዳው ከተገፈፈ የራሱ ቡቃያ ይጠፋል። ያልተነካ ደን እያነሰ በሄደበት አገር የደን አፈርን እንደ አሸዋ ማፈስ መፍትሔ አይሆንም።

መውጫውን ያገኙት መሪጌታው ናቸው። አፈሩ ከማይወጣ ችግኝ ጣቢያው ይግባ አሉ። ክረምቱን ሙሉ ሲነጋገሩ ከርመው መስከረም 2015 ላይ ተፈቀደ፦ መደቡ በቅጥሩ ውስጥ ከደኑ ዳር ይሆናል፤ ከመቃብር አካባቢ አይነካም፤ አፈሩ በካህን ፊት ይነሣል።

የተሠራው ሥራ

ኅዳር 2015 ላይ ጀመርን። አፈሩን የወሰድነው ከላይኛው አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍል፣ ከብዙ ዛፎች ሥር፣ ከየቦታው እፍኝ እፍኝ እያልን ነው። ቅጠሉን ገልጠን፣ ወስደን፣ መልሰን አለበስነው። ቀጫጭን ሥሮችን አልጣልንም፤ ፈንገሱ በውስጣቸው ስለሚኖር ከትፈን ቀላቀልናቸው። አፈሩ ፀሐይ ሳይመታው፣ ሳይደርቅ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከረጢት ገባ። ከአምስት እጅ አንዱ የደን አፈር፣ ቀሪው የጉብታው ቀይ አፈርና አሸዋ ነበር። ማዳበሪያ አልገባም። የወይራው አፈር ለጥዱ፣ የዋንዛው ለጥቁር እንጨቱ ይሆናል ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ፤ እነዚህ ፈንገሶች ዛፍ እምብዛም ስለማይመርጡ ይሆናል።

አንድ ጥርጣሬ ግን ነበረኝ። ችግኙ ቢያምርበት በፈንገሱ ነው ወይስ የደን አፈሩ በያዘው ምግብ? ለመለየት ግማሹ ከረጢት ያው የደን አፈር፣ ነገር ግን በእንፋሎት የተቀቀለው እንዲገባበት አደረግን። በግማሽ በርሜል ውኃ ላይ ወንፊት አድርገን፣ ጆንያ ሸፍነን፣ እንደ ዳቦ ቀቀልነው። መደቡን የሚንከባከቡት አንዲት እማሆይ «አፈር ሲቀቀል አየሁ፤ ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ?» ብለው ለመጣ ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ቀጥሎ የሆነው ሊያሳስተን ነበር። እስከ ጥር ድረስ የተሻለው የተቀቀለው መደብ ነው! ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቁመቱም የበለጠ። እማሆይ ሁሉንም እንቀቅል አሉ። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሙቀት በአፈር ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ሲገድል በውስጣቸው የነበረው ናይትሮጅን ይለቀቃል፣ ለጥቂት ወራትም ችግኙን ያጠግባል። ፈንገስ የያዘው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስኳሩን ለእንግዳው ስለሚከፍል ይዘገያል። ሚያዝያ ላይ ሁለቱ እኩል ሆኑ። ሰኔ ላይ የተቀቀለው ጥቁር እንጨት ያ የምናውቀው የፎስፈረስ እጦት ምልክት፣ ወይን ጠጅ መልክ ታየበት፤ ያልተቀቀለው ላይ አልታየም። በየካቲት ብንፈርድ ኖሮ ተቃራኒውን እንጽፍ ነበር።

ሐምሌ 2015 ላይ ሁለቱንም በተለያየ ረድፍ ተከልን። ከረጢቱን ቀደድን፣ የተጠቀለለውን ሥር ጫፉን ቆረጥን። ከፊሉን ደግሞ በየአጋሙና በየክትክታው ቁጥቋጦ ጥግ ተከልን፤ የመሪጌታዋ ወይራ ያስተማረችንን ለመሞከር ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በ2016 ዓ.ም. መንገዱ ስላላስኬደ ለወራት ቦታውን አላየሁትም። ውኃ ያጠጣ አልነበረም። ግንቦት ላይ ደርሼ ስቆጥር ሕያው የደን አፈር ከቀመሱት ውስጥ ከአሥሩ ሰባት ያህል ቆመዋል፤ ከተቀቀሉት ግማሽ አይሞሉም። ልዩነቱ ከሁሉ የጎላው በወይራና በጥቁር እንጨት ላይ ነው። ዋንዛ በሁለቱም ረድፍ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበር፤ ቀዩ አፈር ውስጥ የነበረውን ጥቂት ፈንገስ ራሱ ፈልጎ ያገኘ ይመስለኛል። ጥዱ ከሁሉም ዘገምተኛ ነው፤ ስለ እሱ አሁንም አልፈርድም።

ንጽጽሩ ንጹሕ አይደለም። ኅዳር ላይ በር ክፍት አድሮ ፍየል ገብቶ የአንዱን ረድፍ ጫፍ በልቶታል፤ የተበላው የተቀቀለው ረድፍ ስለሆነ የሞቱት ሁሉ በፈንገስ እጦት ሞቱ ማለት አልችልም። ፍየል የበላቸውን አውጥቼ ስቆጥር ልዩነቱ ጠበበ፤ አልጠፋም።

ቁጥቋጦ ጥግ የተተከሉት ከሁሉም የተሻሉ ሆኑ። እዚህም ምክንያቱን መለየት አልቻልኩም። አጋም ጥላ ይሰጣል፤ እሾሁ ፍየል ይከለክላል፤ ሥሩም በፈንገስ የተሞላ ስለሆነ አዲሱ ችግኝ ተዘርግቶ የቆየ መረብ ያገኛል። ሦስቱም በአንድ ዋጋ የመጡ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ቀድሞ ቦታ ስናጸዳ መጀመሪያ የምንቆርጠው አጋሙን ነበር።

ያልሠራው ብዙ ነው። በታችኛው ዋልካ ላይ ከየትኛውም መደብ የመጣው ችግኝ በክረምት ውኃ ተኝቶበት ሞተ። ሥርም ፈንገስም አየር ይፈልጋል፤ እዚያ ችግሩ የውኃ መውረጃ እንጂ ምግብ አልነበረም። አሁን ያንን ለሾላና ለዶቅማ ትተነዋል። ሕያው አፈር ከገባበት አንዱ መደብ ደግሞ ቡቃያው ከአንገቱ እየበሰበሰ ወደቀ፤ ከደኑ የመጣ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ውኃ አብዝተን ጥላ በማጥበቃችን አባባስነው። አረምም አብሮ መጣ። ከተማ ውስጥ በትንሽ እሽግ የተሸጠልንን የፈንገስ ዱቄት በአንድ ረድፍ ሞክረን ሥሩን ብናቀልም ከባዶው የተለየ ነገር አላየንም፤ ሻጩ ስንት ጊዜ መጋዘን እንዳቆየው አላውቅም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ለሚመጡ ሁሉ መጀመሪያ የምነግራቸው ችግኝ ከመቀበላቸው በፊት የከረጢቱ አፈር ከየት እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ ግን የሁለት ዓመት ድካም ያተርፋል። ቀጥሎ አንድ ችግኝ ነቅለው ሥሩን ይጠቡት፤ የተጠቀለለ ከሆነ አይቀበሉ። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ በቀለምና በኮምጣጤ ማየት ይቻላል። እሱ ባይኖር እንኳ በአካባቢው ወፍ የዘራው ችግኝ የት እንደቆመ ማየት ከብዙ የአፈር ምርመራ ይበልጣል።

ማዳበሪያን ጨርሶ አልኮንንም። በቆሎ አምርቶ ለሚበላ ገበሬ ነገሩ ሌላ ነው። አፈሩ እጅግ ከተራበ ጥቂት ፍግ ወይም ብስባሽ ፈንገሱን አያባርረውም፤ አሲዱ ከበረታ ኖራም ይረዳል። የሚጎዳው በአንድ ጊዜ የሚፈስ ብዙ ፎስፌት ነው፤ ዩሪያ ደግሞ ሥር ሳይጠነክር ቅጠል ያበዛል። ለናይትሮጅን እንደ ብርብራና ሰሳ ያሉትን ጣልቃ መትከል ይሻላል፤ እነሱ በሥራቸው እባጭ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ከአየር ያመጣሉ። እኛ ብርብራ ማካተት የጀመርነው ዘንድሮ ነው፤ ስለ ውጤቱ ገና ነው።

የደን አፈር መጠን ጥቂት ይበቃል፤ ከአምስት አንድም ምናልባት በዝቶ ይሆናል። ዋናው ነገር ሕያው ሆኖ መድረሱ ነው፤ የደረቀና ወር የከረመ ጆንያ ለማለስለስ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ችግኙን አፈሩ ወዳለበት መውሰድ ነው። ይህን ያገኘነው በቄሰ ገበዙ እምቢታ ስለሆነ የእኔ ዘዴ አድርጌ አላቀርበውም።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከሐይቁ ማዶ የመጡ የሌላ ደብር ሽማግሌዎች ሁለት ጆንያ የደን አፈር ጠየቁ። ሰበካ ጉባኤው አፈር ከለከለ፤ ችግኝ ሰጠ። ቄሰ ገበዙ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን እያዩ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ በደብራቸው ጓሮ ሦስት አሮጌ ዶቅማዎች እንዳሉ ሲናገሩ ግን እማሆይ ከኋላ ሆነው «እንግዲያ ምን ልትወስዱ መጣችሁ?» አሏቸው። ሚያዝያ ላይ ወንፊቱን ጀልባ ላይ ጭነን ሄድን፤ በርሜሉን ግን ትተነው ነው።